ሁለተኛው ጥይት

አሶሳ አብራን የምትኖረው የልጄ ልጅ ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ መጽሐፏን ይዛ መጣችና፣ «እማማ፣ መጽሐፉ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል ይላል፤ ፊልም ላይ ግን አፈሙዙ ወደ ላይ ነው የሚዘለው። የቱ ነው እውነቱ?» አለችኝ። ሁለቱም ነው አልኳት። ሐሳቤ ግን መጀመሪያ ወዳስተማርኩበት ወደ መንጌ ሄደ።

ከጊምቢ መጥቼ መንጌ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ያሲን የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ሚስቱ ሐዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ትልክልኛለች፤ የመጀመሪያው ወባ ሲጥለኝም ያስታመመችኝ እሷ ናት።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ ያሲን እርሻው ውስጥ በገባ ከርከሮ ላይ ተኮሰ። ጥይቱ ግን ጎረቤቱ አዋድ ወፍ የሚጠብቅበት ማማ ላይ ደርሶ የአዋድን ጭን ጨረፈው። ሁለቱ በድንበር ከተጣሉ ዓመት አልሞላቸውም። የአዋድ ወንድሞች «አውቆ ነው» አሉ። እንዲህ ከተባለ ደግሞ ነገሩ በአንድ ቁስል አያበቃም።

ሽማግሌዎች ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ያሲን፣ «አንድ ነው የተኮስኩት። ክላሹ ራሱ ተነሳ» አለ። ሐዋ እጄን ያዘችኝ። «መምህር፣ አንተ ተምረሃል፣ ንገራቸው» አለችኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነውና ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የምትለኝ።

ባዶ ጀሪካን አስመጣሁ። ግርጌውን ስገፋው ተንሸራተተ፤ አናቱን ስገፋው ወደቀ። «ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል» አልኳቸው። «ሰደፉን የሚይዘው ትከሻ ግን ከአፈሙዙ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ጠመንጃውን ያዞረዋል፤ አፈሙዙም ይነሳል።»

አንድ ሽማግሌ፣ «ጥይቱም አብሮ ወደ ላይ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

አፈሙዙ ጎልቶ የሚነሳው ጥይቱ ከወጣ በኋላ ነው። አዎ ብል እዚያ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ሐዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«አይሄድም» አልኩ። «የተተኮሰው አንድ ብቻ ከሆነ ይህ ምክንያት አይሆንም። ወዲያው ሁለተኛ ከተከተለ ግን፣ አፈሙዙ እንደተነሳ ስለሚተኮስ ጥይቱ ከፍ ብሎ ይሄዳል።»

አዋድ እግሩ በጨርቅ እንደታሰረ ከተጋደመበት ቀና አለ። «እኔ ሁለት ሰማሁ። ወንድሞቼ ገደል ማሚቶ ነው አሉኝ።»

ያሲን አቀረቀረ። «ሁለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከርከሮው ወደ እኔ ዞረ፣ ደነገጥኩ። ሁለት ካልኩ ሊገድለው ፈልጎ ነው ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

አዋድ ወደ እሱ ዞሮ፣ «እኔም ብሆን እደነግጣለሁ» አለ። እግሩ እስኪድን ማሽላውን ያሲን እንዲያጭድለት ተፈረደ፤ ያሲንም አጨደለት። ሐዋ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ገንፎውን ራሷ ይዛ መጣች። አብረን በላን፤ ስለዚያ ቀን ማናችንም አላነሳንም።

ለልጅ ልጄ የነገርኳት ስለ ግፊቱና ስለ ትከሻው ብቻ ነው፤ የቀረውን ስታድግ እነግራታለሁ። ከመንጌ በኋላ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። የማላውቀውን ስጠየቅ «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ አያውቅም። የሚከብደኝ የማውቀውን ሙሉ አድርጎ መናገር ነው፣ በተለይ ግማሹ ብቻ ለሚበጃቸው፣ ለምወዳቸው ሰዎች።