ልጆቹ ያልገቡበት የቤቴ ፕላን

ጓዶች፣ ዛሬ ባለቤቴ ዘነበች አራቱን ልጆቻችንን በደቦው ሰው ሁሉ ፊት ጭቃ ላይ አጋደመቻቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማታው መሠረተ ትምህርት ከተመረቅሁ ወዲህ፣ ቴፒ ውስጥ እንደኔ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር አለ ብዬ አላምንም። የአዲሱን ቤታችንን ፕላን ራሴ ደብተር ላይ ነደፍኩት፦ ሰፊ ሳሎን፣ ከጎኑ አንዲት መኝታ ቤት። ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፤ የምስክር ወረቀቴም እዚያ ይሰቀላል።

ጠዋት ችካል ቸክለን ገመድ ወጠርን። የቋሚውን ጉድጓድ ልንጀምር ስንል ዘነበች መጣች። አምስተኛውን ልትወልድ ወር አልቀራትም።

"መኝታው የቱ ነው?" አለች። አሳየኋት። ልጆቹን ደርድራ አስተኛቻቸው። የአራተኛው እግር ከገመዱ ውጭ ቀረ!

"እኔና አንተስ? ይሄኛውስ?" አለች ሆዷን እየነካች። "ደብተርህ ላይ እኛን ረሳኸን እንዴ?"

"ዘነቡ፣ ፕላን እኮ ዝም ብሎ አይነካም!"

ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ዶማቸውን ተደግፈው፣ "ልጄ፣ ያ የምስክር ወረቀትህ ስንት ክንድ ቢሆን ነው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ምን ላድርግ? ቡናው ሊቀላ ነው፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ሲገባ ከዛሬ ወዲያ ለደቦ የሚመጣልኝ የለም። ችካሉን በገዛ እጄ ነቀልኩ። ሳሎኔ የልጆች መኝታ ሆነ። የደብተሩ መስመር ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይይ!

እናንተስ? ቤት ስትሠሩ ፕላናችሁን ማን አፈረሰባችሁ? መሠረተ ትምህርት ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩት ከዚህ ወረቀት ሥር ጻፉልኝ። መጻፍ ያልጀመረ ካለ ቤቴ ይምጣና ይንገረኝ፤ እኔ እጽፍለታለሁ። የሚነግረኝ ግን ቆሞ ነው፤ እንግዳ የማስቀምጥበት ሳሎን የለኝማ!