ጥይቱና የሚስቱ አፍንጫ

በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሰው ሁሉ «ጥይቱ» ይለዋል። ማደንዘዣ ሰጪ ነው። መንጋጋው የሚቀደድ ሰው አፉ ለሐኪሙ ክፍት መሆን ስላለበት የመተንፈሻ ቱቦው በአፍንጫው ይገባል። ጥይቱ ታዲያ ቱቦውን እንደ ሚስማር ነው የሚመታው። ገፋ፣ ጨረሰ፣ ሰዓቱን አየ! ደሙ በሰውየው ጉንጭ ሲወርድ «አፍንጫ አይደል እንዴ? ይደማላ!» ይላል። ከእሱ አፍንጫ አይወርድ፣ ምን ቸገረው?

ደሙን የምትጠርገው ሚስቱ ናት፤ እዚያው ክፍል ነርስ ነች። «ኧረ ተው፣ ቱቦውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብትነክረው እኮ ይለሰልሳል» ስትለው፣ «ቱቦ ላስገባ ወይስ ፓስታ ልቀቅል?» ብሎ ሰው ያስቃል። እሷም አፍንጫው ያበጠውን ሰው ሁሉ እየዞረች ታባብላለች። «አያውቅበትም እንጂ ክፉ ሰው አይደለም» እያለች ራሷንም ታጽናናለች፤ ትዳሯ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነበር።

አንድ ቀን የእሷም መንጋጋ እጢ አበቀለና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። «ከእኔ ሌላ ማንም አይነካሽም» አለ ጥይቱ። ነፍሷ እስክትወጣ ፈራች፤ ግን ባሏን በሰው ፊት እንዴት እምቢ ትበለው?

ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ አየችው። ጉድ እኮ ነው! ቀጠን ያለ ቱቦ መርጦ ሞቅ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከረ። አንዱን የአፍንጫዋን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ «በዚህኛው ተንፍሺ፤ እስቲ ደግሞ በዚያኛው» እያለ የተሻለውን ለየ። የደም ስር የሚያኮማትር ጠብታ አደረገላትና እስኪሠራ ጠበቀ። ጥይቱ ጠበቀ! ቱቦውንም አውጥቶ በቅባት ለወሰው። እጁ አንዴም አልተደናገረም።

«ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አንቺ እኮ ሚስቴ ነሽ» አለ ፈገግ ብሎ። ፍቅር መግለጹ ነው እንግዲህ፣ አይ የሱ ነገር!

ስትነቃ ትራሷ ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ባልደረቦቹ «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ። እሷ እጇን አስለቀቀች። መንጋጋዋ ስለታሰረ ድምፅዋ በጥርሷ መሃል ነበር የሚወጣው።

«አያውቅም እያልኩ ነበር እኮ አብሬህ የኖርኩት» አለችው።