«አረፉ» የማይገባው ሣጥን

ከጄኔሬተር የሚወጣው የቤንዚን ጭስ በሸተተኝ ቁጥር የሞጣዋ ኢንተርኔት ቤት ትታወሰኛለች። ዛሬ ልጄ ስልኳን እያናገረች «አባዬ፣ ያልኩት ሁሉ እኮ ይገባዋል» ስትለኝ የማላምናትም በዚያ ምክንያት ነው።

አባቴ ባረፉ በወሩ ነበር። ቢቸና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነበሩ፤ የምንኖርባት ቤትም የመሥሪያ ቤቱ ነበረች። እናቴ ካላመለከተች ቤቷ ለሌላ ሠራተኛ ትሰጣለች ተባልን። ማመልከቻ ይዘን ስንሄድ ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ «ወረቀት ቀርቷል፤ በዌብሳይት ነው። እዚያ ባለው ሣጥን ውስጥ የፈለጋችሁትን በአማርኛ ጻፉ፣ የምትሞሉትን ገጽ እሱ ያወጣላችኋል» አለ። ፊቱ የቆመውን ሰው መስማት የታከተው፣ ማሽን ይስማችሁ ለማለት አያፍርም።

በዚያ ሰሞን ቢቸና ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ሞጣ ሄድን። ትምህርት ያቋረጥሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ መተየብ ግን ለብቻዬ ተምሬ ነበር። እናቴ ዝናብ ያራሰው ጋቢዋን እንደለበሰች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ባለቤቴ አረፉ፣ ቤቴን አትንሡኝ በል።»

ጻፍሁ። ሰማያዊው መስኮት ብልጭ አለና፣ «የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ፦ ስንት ቀን ማረፍ ይፈልጋሉ?» የሚል ገጽ ወጣ።

የኢንተርኔት ቤቱ ጎረምሳ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ‹ሞተ› ብለህ ጻፍለት!»

«ውሻ ነው እንዴ የሞተው?» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ይሉኝታ አያውቅም።»

«የሠራውስ ልጅ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «በል ‹ተለዩኝ› በለው።»

የጋብቻ ለውጥ ማስመዝገቢያ ወጣ፤ ምክንያት፦ ፍቺ።

«ደግሞ አፋታን!» አለች እናቴ።

እኔ እስከ ዛሬ የምንቀው ማሽኑን አይደለም። በአማርኛ አድገው፣ ‹አረፉ› ማለት ምን እንደሆነ እያወቁ፣ ለሣጥናቸው ማስተማሩን ንቀው የተዉትን ነው። ድካማቸውን ለመቆጠብ የአንዲት ባልቴት አንደበት ይሰበር አሉ።

የጄኔሬተሩ ጭስ በበሩ ይገባል። እናቴ ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳበችና «ጻፈው» አለች። ስለ አባቴ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል፣ ያለ አክብሮት፣ ‹ሞተ› ብዬ ጻፍሁ። ትክክለኛው ገጽ ወዲያው ወጣ፤ ሞልተን ላክን፤ ኋላም ቤቷ ጸናችልን።

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪናው ውስጥ መስኮቱን እያየች፣ «ሣጥኑ ስንት ቀን ማረፍ እንደሚፈልጉ ጠየቀ አይደል?» አለች። «አባትህን በሕይወታቸው ማንም እንዲህ ጠይቋቸው አያውቅም።»