ዕድራችን የማይደርስበት ሩጫ

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቀራንዮ ወደ ቤቴ እየሮጥሁ ነበር። እንደ ወትሮዬ ሳይነጋ ወጥቼ፣ የስፖርት ልብሴን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ።

ሃምሳ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ወስኛለሁ። ያስፈራኝ ሃያ አንዱ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ተመልካቹ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ሳለሁ በስፖርት ቀን ብሮጥ፣ ሜዳው በሙሉ በአሯሯጤ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ እንኳ ሲያመልጠኝ በሰው ፊት ሮጬ አላውቅም።

ስለዚህ ሦስት ውድድሮችን በሠንጠረዥ አነጻጸርሁ፤ ዳገቱን፣ የአየሩን ጠባይ፣ ከጾም ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን። የመጨረሻው ዓምድ «የሚያውቀኝ ተመልካች ብዛት» ይላል። አንደኛው ውድድር በዐቢይ ጾም ስለሚውል ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛው በሰፈራችን በአየር ጤና በኩል ያልፋል፤ በመጨረሻው ዓምድ ቁጥር ማስገባት ስላልቻልሁ «ሁሉም» ብዬ ጻፍሁ። ሦስተኛው ከከተማ ውጭ፣ ሐይቅ ዳር የሚካሄድ ሲሆን፣ ንጹሕ ዜሮ አገኘ። የሁለቱም ምዝገባ እሑድ ቀትር ላይ ያበቃል። የቀረኝ ነገር አሥር ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ መሮጥ መቻሌን ማረጋገጥ ነበር፤ ቻልሁ።

ቤቴ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ ጎረቤታችን የዕድሩን ድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ ይገባል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ በፒጃማ ተቀምጦ፣ ማን እንደ ሞተበት መጠየቅ አፍሮ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ላለው ሁሉ «አሜን» ይላል።

«ማን ነው የሞተው?» አልሁ።

«እኛ ነን እንጂ የምንጠይቅሽ!» አሉ እማማ፤ የዕድራችን ሰብሳቢ የሆኑት አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። «ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ስትበሪ ባይሽ ጥሩንባ ነፊውን ቀሰቀስኩት!»

ወደ ትከሻዬ ዞር ብዬ አየሁ። ባለቤቴን ላለመቀስቀስ በጨለማ ስለለበስሁ፣ የነጠላው ጥለት እንደ ሐዘንተኛ አንገቴ ላይ ወጥቷል። እውነቱን ከመናገር በቀር መውጫ አልነበረኝም፤ ሠንጠረዡን ሳይቀር ነገርኋቸው።

«ለስፖርት? ታዲያ ፊትሽ በእንባ የራሰው ምነው?»

«ላብ ነው፣ እማማ።»

«እኔማ ሟቹ አምልጧት እያባረረችው መስሎኝ!» አለ ባለ ምሰሶው። ግቢው በሳቅ አውካካ።

እማማ አልሳቁም። «የት ነው የምትሮጪው?»

ሐይቁን ነገርኋቸው።

«እዚያ ብትወድቂ ማን ያመጣሻል?»

«አልወድቅም።»

«ደንቡን ማን ነው የጻፈው?»

እኔ ነኝ። የዕድራችን ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ ከከተማው ክልል ውጭ የሚያርፍ አባልን አስከሬን የማጓጓዝ ግዴታ ዕድሩ እንደሌለበት የሚደነግገውን አንቀጽ ያረቀቅሁት በገዛ እጄ ነው። ምንም ቀዳዳ ስላልተውሁበት እኮራበትም ነበር።

«ለአንቺ ተብሎ አንቀጽ አይሻሻልም» አሉ እማማ። «አየር ጤና ላይ ከወደቅሽ ግን በእጃችን ነሽ። ደግሞስ ማን እንዳያይሽ ነው? ሁለት ወር ሙሉ በየንጋቱ ስትሮጪ እናይሽ የለም ወይ? የዛሬ ነጠላሽ ነው እንጂ ያስደነገጠን!»

የሠንጠረዤ የመጨረሻ ዓምድ እንዳለ ፈረሰ።

«አሯሯጤስ?» ብዬ መጠየቄን ራሴም አላመንሁም።

ባለ ምሰሶው ሸክሙን አወረደ። «እህቴ፣ እውነት ለመናገር ያስቃል» አለ። «ግን ለምደነዋል።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በአየር ጤና በኩል ለሚያልፈው ውድድር ተመዘገብሁ። «ለድንገተኛ ሁኔታ ተጠሪ» በሚለው ቦታ ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ የእማማን ስልክ ሞላሁ።