ለከፈን የሰፋሁት ኪስ

ባለፈው ሳምንት ለመጋረጃ ገበር የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ መርካቶ ወርጄ ነበር። አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሻጩ አዲስ አቡጀዲ ከጥቅሉ ፈትቶ ጨርር አድርጎ ሲቀደው፣ ያ ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ «እናቴ፣ ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሕንፃው ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ በነበረው ግቢያችን፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እትዬ ዘይነባ ሽቦ ላይ ያሰጡት ከፈን ሥር ቁጭ ብያለሁ።

ግቢው ከጭድ ተራ ጀርባ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና ሱሪና ኮት ይሰፋል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከጎኑ ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ ሥጋ ለየብቻ ከመብላታችን በቀር ልዩነታችን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የመርካቶ ሰው ደግሞ ኪስ ይወዳል። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ሁሉ ከወገቡና ከቁመቱ በፊት «ኪሱን ጠለቅ አድርግልኝ» ይላል፤ አባቴም ኪስ የሌለው ሱሪ ግማሽ ሱሪ ነው ባይ ነበርና እኔም ይህንኑ አምኜ አደግሁ።

በዚያ ክረምት የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ብርሃኑ በኩፍኝ ሞተ። ተኝቶ እንኳ ከእጁ የማትለይ አንዲት ሰማያዊ ብይ ነበረችው፤ ሲገንዙት ጣቶቹን ፈልቅቀው አወጧትና መስኮቱ ደፍ ላይ ጣሏት፣ እኔም ወሰድኳት። ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ስለ አንድ ስስታም ነጋዴ እያሙ «ምን ያደርግለታል? ከፈን እንደሆነ ኪስ የለውም» ሲባባሉ ሰማሁ። ሌላው ሰው በዚህ አባባል ይመከራል፤ እኔ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና የገባኝ ሥራው ሳያልቅ የተሰጠ ልብስ መኖሩ ነው። ወንድሜ ብይዋን ትቶ የሄደው ኪስ ስላልተሰፋለት ነው ብዬ አባቴን ስንት ቀን አኮረፍኩት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

መስከረም ሲጠባ እትዬ ዘይነባ፣ ሐጅ የሄደ ወንድማቸው በዘምዘም ውኃ ነክሮ ያመጣላቸውን ከፈን ከቆርቆሮ ሳጥናቸው አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በየዓመቱ ያደርጉታል፤ ከእኛ ብርድ ልብስ ጎን ተሰጥቶ ይውላል፤ ማንም ጉድ አይልም። «ብል ቢበላብኝ ምን ለብሼ ልሄድ ነው?» ይላሉ እየሳቁ። የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ወዳለበት ነው፤ በአንድ ግቢ የኖርን ሰዎች ሌላ የት እንሄዳለን? ለሶላት ሲገቡ ጠብቄ ከካኪ ቁራጭ የሠራሁትን ኪስ ከፈኑ ላይ ሰፋሁት፤ ብይዋን ከትቼም እንዳትወድቅ አፉን ደፈንኩት።

አመሻሹ ላይ ሊያጥፉት ሲያወርዱት ብይዋ ጉልበታቸውን መታች። ከፈን መርፌ እንደማይነካው እኔ ምን አውቄ! አባቴ ፊቱ ዐመድ መስሎ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«የብርሃኑ ብይ ናት። እዚያ ሲደርሱ ይስጡልኝ።»

የአባቴ እጅ ቀበቶው ላይ ቀረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አየህ ወልዴ፣ አደራ ነው የሰጠችኝ» አሉት። ከዚያ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አደርሳለሁ ብዬ ባላደርስስ ልጄ? እዚያ ማን ማንን እንደሚያገኝ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ መንገዱን አላውቀውም። አደራ በልቼ መሞት ደግሞ አልፈልግም።»

በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው መንገዱን የማያውቅ አይመስለኝም ነበርና በጣም ደነገጥኩ። ስፌቴን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈቱት። ብይዋን የቁልፍ ቆርቆሯቸው ውስጥ ከተቱና «እስከዚያው ስለሱ አጫውችኝ፤ ባገኘው ወሬ እንዳላጣ» አሉኝ። እኛ ቤት እናቴ ስለምታለቅስ ስሙ አይነሳም ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ እየለቀምኩ ስለ ብርሃኑ አወራላቸዋለሁ፤ ሲያልቅብኝ እንደገና እጀምራለሁ፤ እሳቸውም እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ሲሞቱ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልጃቸው ጀማል የቁልፍ ቆርቆሮውን «ላንቺ ነው ብላለች» ብሎ ሰጠኝ። አልጋዬ ላይ ዘረገፍኩት፤ ብይዋ የለችም። አንዱ ሕፃን ተጫውቶባት ጠፍታ ይሆናል። ይዘዋትም ሄደው ይሆናል። እኔ እጾማለሁ፣ እሳለማለሁ፣ ተዝካር እበላለሁ፤ ከሞት ወዲያ ያለውን ግን ዛሬም አላውቅም። አስከሬናቸውን ያጠበችው የጀማል ሚስት ሰሚራ ነበረች፤ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አልጠየቅኋትም። «አላየሁም» ብትለኝ ወንድሜን እንደገና የምቀብረው ይመስለኛል፤ «በእጃቸው ነበረች» ብትለኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን መጠራጠሬን ምን ላደርገው ነው?

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ገበሩን ትቼ ጀማልና ሰሚራ ወደሚነግዱበት ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረድኩ። አባቴም እናቴም አርፈዋል፤ ከቤታችን ብርሃኑን ያየ ዓይን ከእኔ በቀር የለም፤ እኔም ስድሳን አልፌያለሁ። ዛሬስ እጠይቃለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሰሚራ ሻይ በዳቦ አቀረበችልኝ። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ያ ወንድምዎ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ይከትና ሲሰምጥበት ሰጠመ ብሎ ያለቅስለት ነበር አሉ። አማቴ ሁሌ ያወሩን ነበር፤ ልጆቼ እስከዛሬ ይሳሳቁበታል።»

እውነቷን ነው፣ ያለቅስ ነበር። እኔ እህቱ፣ ያወራሁላቸው እኔው ራሴ፣ ረስቼው ኖሬያለሁ።