ዝም አልል ያለው አውቶቡስ

ማላኤያን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲያያት ዓይነ አፋር ትመስለዋለች። ተሳስቷል። ዝም የምትለው ሥራ ላይ ስለሆነች ነው። እኔ ሴፎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በደሴታችን ላይ ከመንደራችን ከሳሌቫኦ ዋና ከተማው አፒያ ድረስ አውቶቡስ ያመላለስኩ ሰው፣ እንደ እሷ ሽቦ የሚገባው ፍጡር አላየሁም። ይህን የምለው የእናቷ ዘመድ ስለሆንኩ አይደለም። ዘመድማ ስንት ሰነፍ አለኝ!

ከተማ በነበረው የመኪና ሽቦ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ስታገጣጥም። ፋብሪካው ሲዘጋ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ፍራፍሬ ለቀማ ኒውዚላንድ ሄዱ፣ ግማሾቹ ዳቦ መጋገር ጀመሩ። እሷ ግን መንገድ ዳር፣ በአጎቷ በላፋይ መሬት ላይ፣ አራት ምሰሶ አቆመችና ቆርቆሮ አልብሳ «የመኪና ስፒከር እንገጥማለን» ብላ ጻፈች። «እንገጥማለን» ትበል እንጂ ብቻዋን ነበረች።

መንደሩ ሳቀባት። እናቷ እንኳ፣ «ልጄ፣ ዳቦ ብትሸጪ ቢያንስ የተረፈውን እንበላዋለን፤ ስፒከር አይበላም!» አሏት። ስድስት ወር ሙሉ የታክሲ በር ስፒከር ስትቀይር ከረመች። አውቶቡስ ግን ማንም አልሰጣትም። በእኛ አገር ደግሞ ሙዚቃ የሌለው አውቶቡስ ማለት የኮኮናት ወተት ያልነካው ጎደሬ ማለት ነው፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ገበያው ጋ አራት አውቶቡስ ወደ አንድ መንደር ሊሄድ ቢሰለፍ፣ ሰው ተጋፍቶ የሚገባው ቤዙ ደረት የሚመታው ውስጥ ነው። እና አንድ አውቶቡስ ገጥማ ካማረላት ሾፌር ሁሉ ይመጣል። ከተበላሸባት ግን ሱቁ አበቃለት። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የመጀመሪያዋን አውቶቡስ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌላው ቢቀር ይቺ ትጻፍልኝ።

«አጎቴ፣ ይቺን የገጠመልህ ሰው ጠላትህ ነው እንዴ?» አለች፣ የስፒከሩን ክዳን ነቅላ ውስጡን ስታይ። የባትሪ ድንጋይ አመጣችና የአንዱን ስፒከር ሽቦ ነካ አደረገችበት፤ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ብቅ አለ። የሌላውን ነካች፤ ወደ ውስጥ ገባ። «አየህ? ሽቦው ተገላብጦ ታስሯል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙን እርስ በርስ ይበላሉ።»

«የኔንና የአክስትሽን ትዳር ነው የምታወሪው?» አልኳት። ሳቀች፤ እጇ ግን አልቆመም።

ሦስት ቀን ሠራች። የአውቶቡሱ አካል እንጨት ስለሆነ እንዳይንቀጠቀጥ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ እየቆረጠች ከእያንዳንዱ ስፒከር ኋላ አስገባች። የቤዙን ስፒከር በኮምፔንሳቶ ሣጥን አድርጋ ከኋለኛው ወንበር ሥር ቀበረችው። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ አያለሁ፣ እተቻለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው እንግዲህ አፌን የከፈትኩት።

«ቴፑን በቀጥታ ከባትሪው እሰሪልኝ። ገበያ ላይ ሞተር አጥፍቼ ሰው ስጠብቅ እንዲጫወት።»

«እንደዚያ ከሆነ እኮ የሞተሩን ቁልፍ ብትነቅልም ዝም አይልም።»

«በራሱ ማጥፊያ አጠፋዋለሁ!»

«በጸሎት ሰዓትስ? ብትረሳው?»

«ልጅት! አንቺ የወተት ጥርስሽን ስትነቅዪ እኔ መሪ ይዤ ነበር። ዝም ብለሽ እሰሪ!»

አሰረችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሁለት ቀን ንጉሥ ነበርኩ። ገበያ ላይ የሌሎቹ ሾፌሮች ፊት ጠቆረ፤ የኔ ወንበር ሞልቶ ሰው በሰው ጭን ላይ ተቀመጠ። አንዱማ ቀስ ብሎ ተጠግቶ «ማን ነው የገጠመልህ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ጭኜ መንደራችን እንደገባሁ የምሽቱ ጸሎት ዛጎል ተነፋ። ዛጎሉ ሲነፋ እግረኛውም መኪናውም ባለበት ቀጥ ይላል። እኔም ለሃያ ስድስት ዓመት እንዳደረግኩት ጥጌን ያዝኩና ቁልፉን ነቀልኩ።

ሞተሩ ጠፋ። ዘፈኑ ቀጠለ።

ያውም የቆምኩት የት ነው? የመንደሩ ታላቅ ሹም ቱኢሎማ ቤት ፊት ለፊት! ቤቱ እንደሁ ግድግዳ የለው፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ ልጅ የልጅ ልጃቸውን ሰብስበው፣ ጸሎት ሊጀምሩ ነው። የኔ ስፒከር ደግሞ «እናትሽ ስትተኛ፣ በጓሮ በኩል ነይ» ይላል።

«አጥፋው! ኧረ አጥፋው!» አሉ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ። እኔ ደግሞ ድንጋጤው እጄን ያዘውና ድምፁን ወደ ላይ አዞርኩት። ወይ ጉድ! የኮኮናቱ ዛፍ ሳይቀር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ማጥፊያውን ብነካው ማጥፊያው አይደለም፤ ሌላ ዘፈን ጀመረ፣ ከመጀመሪያው የባሰ። በመጨረሻ ዘልዬ ወርጄ የባትሪውን ገመድ በእጄ ነቀልኩት። ያኔ ቱኢሎማ ቀና ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

በማግሥቱ ጠዋት የመንደሩ ጎረምሶች መጥተው በማላኤያ ሱቅ ምሰሶ ላይ የኮኮናት ቅጠል አሰሩ። ዝግ ነው፣ ማንም አይግባ ማለት ነው። ሰኞ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ሱቁም ሊነሣ ይችላል ተባለ።

እኔ ምን አደረግኩ? ምንም! ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። ለሰው ሁሉ «ሽቦው ነው፣ ሽቦው ነው» እያልኩ ሦስት ቀን ከረምኩ። እሷ ደግሞ አልከሰሰችኝም። ቅዳሜ ሄጄ አየኋት፤ በተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ካቻቪቴዎቿን ትጠርጋለች።

«ለምን አትናገሪም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ሴፎ ነው ያዘዘኝ ብለሽ ነዋ!»

«ያሰረው የኔ እጅ ነው፣ አጎቴ። እንደማይሆን እያወቅኩ ነው ያሰርኩት። አውቶቡሷን ይዘህ እንዳትሄድ ፈርቼ።» ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። ከመሬት በታች የምገባበት ጠፋኝ።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ በሸንጎው ቤት በየምሰሷቸው ተደግፈው ተቀመጡ፣ የሸንጎው መጠጥ ካቫው ዞረ። ላፋይ በቤተሰቡ ስም ተነሥቶ፣ «ልጃችን አጥፍታለች፣ አንገታችንን ደፍተናል» አለ። ማላኤያ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ቱኢሎማም፣ «እንግዲያው ሱቁ...» ብለው ሲጀምሩ እኔ፣ ማዕረግ የሌለኝ፣ ካልተጠየቅኩ ትንፍሽ የማልል ሰውዬ፣ ብድግ አልኩ።

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝ! ልጅቷ አይሆንም ብላኛለች። ያስገደድኳት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ!»

ላፋይ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ቱኢሎማ፣ «ይህን ሁሉ ቀን የት ነበር ይሄ አፍህ?» አሉ። ለልጄ ሠርግ ያደለብኩት ትልቁ አሳማዬ ያኔውኑ መቀጫ ሆኖ ለመንደሩ ተፈረደ። እሰይ፣ ይበለኝ!

ከዚያ ላፋይን ዞረው አዩት። «ልጅቷም ብትሆን እያወቀች አድርጋዋለች። ሽቦውን ታስተካክለው። ነገ ማታ ራሴ አውቶቡሱ ላይ እቀመጣለሁ። ዛጎሉ ተነፍቶ ሳያበቃ ዝም ካላለ ሱቁ ይነሣል።»

ማላኤያ ሌሊቱን አልጠበቀችም፣ ከሰዓት በኋላውኑ ጨረሰችው። ከአሮጌ የጀልባ ሞተር የፈታችውን ቀይ ማጥፊያ ከመሪው አጠገብ ተከለች፤ አንዴ ጫን ካሉት ከባትሪው የሚመጣው ኃይል በሙሉ ይቆረጣል። «ዓይንህን ጨፍነህ፣ ደንግጠህ፣ ሰክረህም ብትሆን ታገኘዋለህ» አለችኝ። አብረሽኝ ነይ ብላት እምቢ አለች። «የጸሎት ሰዓት ነው፣ ቤት እሆናለሁ። ሽቦው የኔ ሞግዚትነት ካስፈለገው አልተሠራም ማለት ነው።» እንዲህ ትበል እንጂ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር።

ማክሰኞ ቱኢሎማ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከጎኔ ተቀመጡ። መንደሩ በየቤቱ ቁጭ ብሎ አንገቱን አስግጓል። ዘፈኑን ለስለስ አድርጌ ከፈትኩት።

«ምን ታንሾካሹካለህ? ከፍ አድርገው እንጂ!» አሉ። ከፍ አደረግኩት። «ከዚህም በላይ!» ወለሉ እግራቸው ሥር ይነዝራል፤ እሳቸው ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው።

ዛጎሉ ተነፋ፤ ጥጌን ይዤ ቆምኩ። እጄን ስዘረጋ በበትራቸው መቱኝ። «አንተን ማን አመነህ!» አሉና በገዛ አውራ ጣታቸው ቀዩን ተጫኑት።

ጸጥ።

የዛጎሉ ድምፅ ገና አላለቀም ነበር። ከዚያ ከየቤቱ መዝሙር ተነሣ፤ እኔም ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ አብሬ ዘመርኩ። ቱኢሎማ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። የማብቂያው ዛጎል ሲነፋ ፍርዱን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቀዩን መልሰው ተጫኑት። ቤዙ ደረታችንን ሲመታን፣ «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!» አሉኝ።

በማላኤያ ቤት በኩል ሳልፍ ደረጃው ላይ ቆማ አየኋት። እጇን አላወዛወዘችም፣ አልጮኸችም። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ጆሮዋን ወደ አውቶቡሱ አዘንብላ ታዳምጣለች። ፍሬን ያዝኩ።

«አጎቴ፣ በግራ በኩል የኋለኛው ትንሽ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። «ነገ ጠዋት ሱቅ አምጣው።»