አባዬ «ፈረንጁ» የሚለው ዘፋኝ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ሞርስ ሮድ፣ ኮሎምበስ

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተናል። የ2021 ሰመር ነው፤ ገና በጠዋቱ አየሩ ይሞቃል። ሞርስ ሮድ ላይ ከነዳጅ ማደያው በቀር የተከፈተ ነገር የለም። የሶማሌዎቹ ልብስ መሸጫ፣ የኛ ሰዎች ግሮሰሪ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ሁሉም መብራቱን አጥፍቶ ተኝቷል። አባዬ አፓርትማችን በር ላይ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ፣ ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ ቆሟል። ካሴቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶታል። ሰርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

የምንሄደው የሙዚቃ ሸክላ ልንገዛ ነው። አባዬ በወጣትነቱ ከደሴ አሰብ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ያኔ ደሴ ፒያሳ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳው የካንትሪ ካሴት አለው። ሽፋን የለው፣ ፎቶ የለው፣ የዘፋኙ ስም የለው፤ በእስክሪብቶ «ካንትሪ 4» ብቻ ይላል። አባዬ ዘፋኙን «ፈረንጁ» ነው የሚለው። «እስቲ ፈረንጁን ክፈችልኝ።» «የሹፌርን ብቸኝነት እንደ ፈረንጁ የሚያውቅ የለም።» አሮጌዋን ካምሪ እስካሁን ያልሸጣት ካሴት ስለምታጫውት ብቻ ነው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ምሳውን እንኳ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፈረንጁን እየሰማ ነው የሚበላው።

ባለፈው ወር ዘፈን የሚለይ አፕ ከፍቼ ስልኬን ከቴፑ አጠገብ ደቅኜ ሰውየውን አገኘሁት። ስሙ ወጣ፣ ታሪኩ ወጣ፣ ፎቶው ወጣ። ጥቁር ነው። ከኔም ከአባዬም የጠቆረ ጥቁር። ካንትሪ የነጭ ብቻ ነው በሚባልበት ዘመን በሩን ገፍተው ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ለአባዬ አልነገርኩትም። «የፈረንጅህን ሸክላ አገኘሁልህ፤ መድረክ ላይ ሲዘፍን የተቀዳውን» ብቻ አልኩት። ለምን እንደደበቅሁት ልናገርና ይውጣልኝ።

ካሪም የሚባል ልጅ ላገባ ነው። ኢስተን ሰፈር አጠገብ ያለ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ የጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እኔ እዚያው ዕቃ አሽጋለሁ። እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሃይማኖት እንዳይባል ሙስሊም ነው፤ ጁምዓ አባዬ የሚሰግድበት መስጊድ ነው የሚሰግደው። ሥራ እንዳይባል ከኔ በላይ ይሠራል። ኤፕሪል ላይ ሽማግሌ ላከ። አባዬ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቶ፣ ስለ ኑሮ አጫውቶ፣ «የነሱን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ» ብሎ ሸኛቸው። የነሱን! እኔ ኩሽና ቆሜ ሰማሁት፤ ከቃሉ በኋላ ሳሎኑ ጭጭ ማለቱንም ሰማሁ። ያለ አባት ቃል ኒካህ አይታሰርልኝም፤ ኢማሙም ቁርጡን ነግሮኛል።

ሸክላውን በፖስታ ማዘዝ ይቻል ነበር። እኔ ግን አባዬ ሽፋኑን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን ቆሜ ማየት ፈልጌአለሁ። ክፋት ነው ካላችሁ ክፋት ነው።

ካምሪዋ ረጅም መንገድ አትችልም። የካሪም መኪና መጥታ ፓርክ አደረገች።

«ማነው የሚነዳው?» አለ አባዬ።

«ካሪም።»

«ራይድ ጥሪ!»

«እዚያ ድረስ በራይድ? ግባ አባዬ።»

ከፊት ያለውን ባዶ ወንበር አይቶ ከኋላ ገባ። ልክ እንደ ተሳፋሪ። ፊት እኔ ተቀመጥኩ። እማዬ ሮጣ ወርዳ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ በመስኮት አቀበለችኝ። ከባድ ነው፤ ለሦስት ሰው የተጠበሰ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ» አለ ካሪም። ጋሼ ማለትን እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለ አባዬ፣ ለመስኮቱ።

ጠዋት፤ ወደ ደቡብ

ከተማው ቶሎ ያልቃል። ፎቆቹ፣ ድልድዮቹ፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ከዚያ በቆሎ ብቻ። በቆሎ፣ ቀይ ጎተራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና በቆሎ። ያለፈው ዓመት የምርጫ ባንዲራ ዛሬም ያልወረደበት በረንዳ እናልፋለን። አባዬ ከኋላ የካሴቱን ሁለተኛ ዘፈን ያንጎራጉራል። ደስ ብሎታል፤ ፈረንጁን ሊያገኝ ነው።

ካሪም በመስታወት አየው። «ይሄን ዘፈን አውቀዋለሁ» አለ። «አያቴ ቅዳሜ ቤት ስታጸዳ የምትከፍተው ነው።»

አባዬ ማንጎራጎሩን አቆመ። በእንግሊዝኛ «አይመስለኝም። ይሄ ካንትሪ ነው» አለ። ቀጥሎ በአማርኛ ለኔ፣ «ከሌላ ነገር ጋር አምታቶት ነው። እነሱ ይሄን የት ያውቁታል?»

ሳምቡሳውን ፈትቼ ለካሪም ሁለት ሰጠሁት፣ ለአባዬ አንድ።

ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ጋሎኑ ከሦስት ዶላር አልፏል። አባዬ ሽንት ቤት ሲሄድ ካሪም ፓምፑን ይዞ ወደኔ ዞረ።

«አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም።»

«ዘሃራ፣ እኔን የአባትሽ ማስተማሪያ አታድርጊኝ። እኔ ሚስት ነው የፈለግሁት።»

«እኔም ባል ነው የፈለግሁት! እሱ ነው እንቢ ያለው!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ፒክአፕ ላይ ተደግፎ ቡና የሚጠጣ ሰውዬ ዞሮ አየን። ካሪምን አየ፣ እኔን አየ፣ ከውስጥ ኮቱን እየቆለፈ የሚመጣውን አባዬን አየ። ሦስታችንንም ያየን በአንድ ዓይን ነው። እኔ ያንን ዓይን ከዌርሃውሱም አውቀዋለሁ። ለሱ «የኛ» እና «የነሱ» የሚባል ነገር የለም። አባዬ ዓይኑን አይቶት መሬት መሬት እያየ መኪና ውስጥ ገባ። ይሄን እያየ ሽማግሌ ይመልሳል!

እኩለ ቀን፤ የሸክላ ሱቅ

የከተማዋን ስም አልጽፍም። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ባንክ፣ የተዘጋ ሲኒማ ቤትና ይህ ሱቅ ናቸው። ሽታው የእርጥብ ካርቶን ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸክላ በሣጥን ተደርድሯል። ባለ ሱቁ ጢሙን ያሳደገ ሽማግሌ ነጭ ነው፤ ሲያናግረን ትሁት ነው። ስለ ሸክላው ደውዬ የጠየቅሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት።

«አዎ፣ አለ። ፈልጊው» አለኝ።

ካንትሪ የሚለው ሣጥን ጋ ሄድኩ። አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ባርኔጣ፣ ፈረስ፣ ባርኔጣ፣ ፈረስ። የለም። እንደገና ገለበጥኩ። የለም። ካሪም ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ጥግ ሄዶ፣ የጥቁሮች ዘፈን ከሚከተትበት፣ ሶል ከሚለው ሣጥን መዞ አወጣው።

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«የት እንደሚከቱን አውቃለሁ።»

ደሜ ፈላ። ባለ ሱቁን «ይሄ ሰው ሶል ዘፍኖ ያውቃል?» አልኩት።

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ?»

«ሰዎች እዚያ ነው የሚፈልጉት።»

«እኔ ካንትሪ ጋ ነው የፈለግሁት! እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሰውየው ቀላ። የሚገርመው ታሪኩን ሁሉ ያውቃል። ዘፋኙ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይሠራ እንደነበር፤ ኩባንያው የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሲልክ ፎቶውን አስቀርቶ ሽፋኑ ላይ የእንጨት ድልድይ ሥዕል እንደለጠፈ፤ ሕዝቡ ድምፁን ወዶ ትኬት ገዝቶ ሲመጣ መድረክ ላይ ማን እንደሚወጣ እንዳላወቀ። ይሄን ሁሉ እያወቀ ሶል ውስጥ ከተተው!

አባዬ ሸክላውን ከካሪም እጅ ተቀብሏል። ሽፋኑ ላይ ሰውየው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ ላቡ እየወረደ ይታያል። አባዬ አገላበጠው። መነጽሩን አወጣ። እንደገና አየው።

«ይሄ ማነው?»

«ፈረንጅህ ነው።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።»

«ይሄ ሌላ ሰው ነው። የፈረንጁን ዘፈን ወስዶበት ነው።»

ሰርቆ ነው ማለቱ ነው። ስንት ወር የያዝኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ ግን ካሪም ክንዴን ያዘኝ። አማርኛ አይችልም። የአባዬን ድምፅ ግን ሰምቶታል። ባለ ሱቁን «አጫውትልን» አለው።

መርፌው ወረደ። መጀመሪያ መንሿሿት። ከዚያ አስተዋዋቂው የዘፋኙን ስም ጠራ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ጭብጨባው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እንዳለ ጠፋ። ሰው እየወጣ መሆኑን ከጫማ ድምፅ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ሳለ። ያ ዝምታ እንዴት ይረዝማል! እኔ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ኤፕሪል ላይ እኛ ሳሎን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ዘፋኙ ቀስ ብሎ፣ እየሳቀ ተናገረ። «አዳራሽ አልተሳሳታችሁም። እኔም አልተሳሳትኩም።»

ጊታሩ ጀመረ።

አባዬ ከመጀመሪያዋ ክር አወቀው። ጣቱ ባንኮኒው ላይ፣ መሪ ላይ እንደሚመታው መታ መታ አለ፤ ከዚያ ቆመ። ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ አየው። የሱ ካሴት የሚጀምረው ከጊታሩ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንዱም የለበትም።

ባለ ሱቁ ድምፁን ቀንሶ፣ «ኩባንያው ያንን ዝምታ ሊቆርጠው ነበር። ሰውየው ነው እንቢ ያለው። ዝምታውንም አብራችሁ ሽጡት አላቸው» አለ።

አባዬ ከፈለና ወጣ።

ከሰዓት፤ መልስ መንገድ

ከኋላ ነው የተቀመጠው፣ ሸክላውን ጭኑ ላይ አድርጎ። በቆሎው ሁሉ አልፎ የመጀመሪያዎቹ ዌርሃውሶች እስኪታዩ ድረስ ሽፋኑን ሲያይ ቆየ። ከዚያ በአማርኛ ጀመረ።

«የደሴው ሙዚቃ ቤት ልጅ ጠይቆኝ ነበር። መጀመሪያው ላይ ወሬና ጭብጨባ አለው፤ ወሬውን ልቁረጥልህና አንድ ዘፈን ልጨምርልህ? አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያስቀዳው። ካሴት አያባክኑም።»

«አንተስ?»

«ቁረጠው አልኩት።»

«ቆረጥከው!» ዞርኩበት። «ሰውየው ታግሎ ያስቀረውን አንተ ለአንድ ዘፈን ብለህ አስቆረጥክ። ከዚያ ስንት ዘመን ፈረንጅ አደረግከው። ዛሬ ደግሞ ፊቱን አይተህ ሌባ አልከው!»

«ዘሃራ፣ አባትሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ! ባትሆንማ ኖሮ ፈቃድህን ለምን እጠይቅ ነበር?»

ካሪም «ምን እያላችሁ ነው?» አለ። አልተረጎምኩለትም። ንዴቴ ለሁለት ቋንቋ አይበቃም።

አባዬ ወደ ፊት ጠጋ አለ። በእንግሊዝኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሪምን ራሱን ጠየቀው። «አያትህ የትኛውን ነበር የምትወደው?»

«ሁለተኛውን፣ ጋሼ። ጠዋት የዘፈኑትን።»

አባዬ ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። ካሪም ተከተለው። የካሪም ድምፅ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ጩኸት ነው። አባዬ ፊቱን አጨማደደ እንጂ አላቋረጠም። እኔ መስኮት መስኮት አየሁ። ገና አልበረደልኝም።

አመሻሽ፤ ሞርስ ሮድ

አሁን ሁሉም ሱቅ ተከፍቷል፤ መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። በራችን ላይ ፓርክ አደረግን። አባዬ አልወረደም። ሸክላውን ገልብጦ ያየዋል።

«ይሄን በምን ልሰማው ነው?» አለኝ።

ቴፕ እንጂ የሸክላ ማጫወቻ የለንም። በዚህ ሁሉ መንገድ ማናችንም አላሰብነውም።

«ካሪም አለው» አልኩት። «የአያቱ ነው፣ ይሠራል። ካሪም ግን እኛ ቤት አይገባም፤ አንተ ነህ ያልከው።»

«እሁድ ይዞት ይምጣ በይው።»

«ራስህ በለው። ስም አለው።»

ወረደ። በመኪናው ፊት ዞሮ በሹፌሩ በኩል ቆመ። ካሪም መስኮቱን አወረደ። አባዬ ማስኩን ወደ አገጩ ሳበ።

«ካሪም» አለ። «እሁድ። ማጫወቻውን ይዘህ ና።» የመኪናውን ጣሪያ መታ አድርጎ፣ «ሽማግሌዎቹንም» አለው።

ካሪም መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ። አባዬ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ሸክላውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ፎቶውን ወደ ውጭ አድርጎ። ላይኛው በረንዳ ላይ ጎረቤቶቻችን ተቀምጠዋል።

ሮጬ ደረስኩበት። ደስታ አይደለም የያዘኝ። ሽማግሌ ለማስገባት ሸክላ ያስፈልግ ነበር? ካሪም ካሪም መሆኑ ብቻ አይበቃም ነበር?

«አባዬ» አልኩት። «ካሪም ዘፋኝ አይደለም። እወቀው። መዝፈን አይችልም።»

ሳይዞር መለሰልኝ። «ስንመለስ ሰምቼው የለ እንዴ? አይችልም። እሁድ ይምጣ አልኩ።»